ስለ ዕውቀት ማኅደር፤ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ታሪክ የተገኘ ትምህርት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በአገራችን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፍ ያለውም ቢሆን የተቀመጠበት ስፍራ ካልታወቀ፤ ወይም ቢታወቅ በሩ ለፈላጊው ካልተከፈተ፤ ወራሽ እንዳጣ ርስት ጠፍ ሆኖ ይቀራል። ጽሑፉ ይኖራል፤ ዕውቀቱ ግን የለም። ስለዚህ ዕውቀትን ለትውልድ ለማውረስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም መጻፍ፤ ማከማቸትና መግለጥ ናቸው። መጻፍንና ማከማቸትን አባቶቻችን በሚገባ ያውቁበት ነበር። መግለጥን ግን አንዳንድ ጊዜ ፈጽመውታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይመቻቸው ቀርቷል። በአሁኑ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ሥራዎቻቸውን ሰብስበው በኢንተርኔት አማካይነት ለሁሉ የሚገልጡበትን ማኅደር ለማቋቋም ሲደክሙ፤ የሰሜን ሸዋ ሁለት ከተሞች፤ ደብረ ብርሃንና አንኮበር፤ በዚህ ነገር ምን ያስተምሩናል ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገራችን ነገር ሲነገር ዘመኑ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ የውጭው ዓለም ነገር ሲነገር ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድመን እንለምናለን።

ከደብረ ብርሃን እንጀምር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፤ ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፤ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ስሙን ደብረ ብርሃን አሰኙት። የቀደሙት ነገሥታት ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዘዋወሩ ይኖሩ ስለ ነበር፤ ንጉሡ በአንድ ቦታ ረግተው የዘመናቸውን የመጨረሻ 12 ዓመታት ያህል በዚያ መቀመጣቸው በጊዜው አዲስ ነገር ነበር። ያረፉትም በዚያው ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጦር ሜዳ ብቻ የሚታወቁ ንጉሥ አይደሉም። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የተባሉት ድርሳናት በስማቸው ይጠራሉ። በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተደረገውም ጉባኤ ስለ ሰንበት የነበረውን ረጅም ክርክር አስቀርተው የቤተ ክርስቲያኒቱን ልጆች አስታርቀዋል። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ከድርሰታቸው ይልቅ ድርሰቱን ያሰራጩበት መንገድ ነው። ንጉሡ መጽሐፍ አጽፈው በግምጃ ቤት በማስቀመጥ አልረኩም። ድርሳናቱ በየቤተ ክርስቲያኑ በሰንበት ቀን ለሕዝብ እንዲነበቡ፤ ተአምረ ማርያምም በበዓላቷ ቀን እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩ። በዚያ ዘመን ፊደል የቈጠረው ሰው ጥቂት፤ የብራናው ዋጋም ብዙ ነበር። ለአንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፈለጋል፤ ጸሓፊውም ወራት ይፈጅበታል። እንዲህ ሆኖ ሳለ መጽሐፉን በእጁ ሊይዝ የማይችለው ባላገር በጆሮው እንዲሰማው ተደረገ። ትእዛዙ ጠንካራ፤ አንዳንድ ጊዜም ጨካኝ ከሆነ መንግሥት የወጣ መሆኑን ታሪክ አይሸሽገውም። ቢሆንም የተጻፈ ነገር ለሕዝብ ሊደርስ ይገባዋል የሚለው አሳብ በደብረ ብርሃን ምድር እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ የመጽሐፍ አጠባበቅ በአገራችን እንዴት እንደ ነበረ ጥቂት እንመልከት። መጽሐፉ ከተደጐሰ በኋላ ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም በጠፍር ታስሮ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ይህም አይጥና ርጥበት እንዳያገኘው ነው። መጽሐፉን የሰጠው ሰው ስሙንና የሰጠበትን ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፉ ላይ ያስጽፋል፤ የሰረቀውና የፋቀውም ሁሉ እንዲወገዝ ቃል ያኖራል። ይህ በዛሬው ቋንቋ ምዝገባና ጥበቃ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ደግሞ ሌላ መልካም ልማድ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ደብተራ ወይም መምህር ከአለቃውና ከዕቃ ቤቱ ጠባቂ ፈቃድ ካገኘ፤ ብራናውንና ቀለሙን ይዞ እዚያው ተቀምጦ መጽሐፉን ይገለብጥ ነበር። ስለ መገልበጡ ለደራሲው የሚከፈል ዋጋ የለም፤ እንዲያውም መጽሐፍን አብዝቶ ማሰራጨት ጽድቅ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ጠብቆ ማኖርና እንዲገለበጥ መፍቀድ አብረው የሚኖሩ ነገሮች መሆናቸውን የቀድሞ ሰዎች ያውቁ ነበር።

የግልባጩ ጥቅም የታወቀው በመከራ ጊዜ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦርነት ሸዋ ስትወረር፤ ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ከብዙ አድባራትና ገዳማትም ጋር መጻሕፍት አመድ ሆኑ። በአንድ ቤት ብቻ የነበረው መጽሐፍ ከቤቱ ጋር ጠፋ። ግልባጩ በሌላ ገዳም የተገኘለት ግን ከጦርነቱ በኋላ እንደ ገና ተጽፎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንግዲህ ያካፈለ አተረፈ፤ የሰሰተ ከሰረ ማለት ነው።

ወደ አንኮበር እንሻገር። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ፤ ወደ ዓፋር ቈላ በሚያሳየው ተራራ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን በዚህች ከተማና በአንጎለላ አድርገው፤ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መንግሥታት ጋር የወዳጅነት ውል ተዋውለዋል። የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወልደው በኋላ በአንኮበር ነግሠዋል።

በ1831 ዓ.ም. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ ሸዋ መጡ። ኢዘንበርግ ቶሎ ተመልሶ በ1841 በሎንዶን የአማርኛ መዝገበ ቃላት፤ በማግሥቱም ዓመት የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ክራፕፍ ግን እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ ቈየ፤ በቈየበትም ጊዜ የግእዝ መጻሕፍትን ሰበሰበ። ክራፕፍ የተወለደው ቱቢንገን ከምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ አጠገብ ስለ ነበር፤ ከሰበሰባቸው መጻሕፍት ወደዚያ ላከ። በዚያም ሄንሪኽ ኤዋልድ የተባለው ሊቅ መረመራቸው። የኤዋልድ ተማሪ የነበረው ወጣት አውጉስት ዲልማን የግእዝን ፍቅር ያገኘው በዚያው በቱቢንገን ነው። እርሱም በ1851 መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ አሳተመ፤ በ1865 ደግሞ እስከ ዛሬ ሊቃውንት የሚገለገሉበትን ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አወጣ።

ይህን ነገር ስናስብ ሁለት ስሜት ያድርብናል። በአንድ በኩል፤ ከሸዋ የሄደ ብራና በሰሚ አገር ተመርምሮ ለዓለም ሊቃውንት ብርሃን መስጠቱ ያስደስታል። በሌላው በኩል ግን፤ ብራናው ከወጣበት አገር ያለ ተማሪ ያንኑ ብራና ለማየት ባሕር መሻገር፤ ስለ ብራናው የተጻፈውንም ለማንበብ ላቲንና ጀርመንኛ መማር ግድ ሆነበት። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቡት መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰዱ። በስጦታና በግዢ የሄደውና በጦር የተዘረፈው በሕግ ፊት አንድ አይደለም። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ውጤቱ አንድ ነበር፤ የአባቶቹ ዕውቀት በሌላ ሰው ማኅደር ውስጥ ሆኖ ቀረ።

ይህ ቍስል በከፊል የሚሽርበት ዘዴ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት የትምህርት ተቋሞች በመስማማታቸው፤ የየገዳማቱና የየአድባራቱ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ተደረገ። ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ተጀምሮ በአዲስ አበባ፤ በሸዋ፤ በወሎና በሌሎችም አገሮች ተካሂዶ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። መጽሐፉ በዕቃ ቤቱ ይቀራል፤ ሥዕሉ ብቻ ይሄዳል፤ አንዱ ግልባጭ በአገር ውስጥ፤ ሌላው በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል ይቀመጣል። የአባቶች የመገልበጥ ልማድ በካሜራ ተመለሰ ብንል አልተሳሳትንም።

ይህን ሁሉ ፊልም እያነበበ ይህ ምን መጽሐፍ ነው፤ መቼ ተጻፈ፤ ማን አጻፈው ብሎ የሚመዘግብ ሊቅ ያስፈልግ ነበር። ይህን ከባድ ሸክም ከተሸከሙት ዋነኛው በሰሜን ሸዋ በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸው በአብዮቱ ጊዜ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ወደ ኮሌጅቪል ሄደው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዊልያም ማኮምበር ጋር የመጻሕፍቱን ዝርዝር አዘጋጁ። በ1993 የወጣው ዐሥረኛው ጥራዝ ቍጥሩን እስከ 5,000 አደረሰው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ተለቀው፤ ስሙን ያስመዘገበ ማንኛውም አንባቢ ያለ ገንዘብ ያያቸዋል። ከዚህ የምንማረው፤ ዝርዝር የሌለው ክምችት ጨለማ ቤት መሆኑን ነው። መጽሐፍ ቢነሣ፤ ቢከማች፤ በሩም ቢከፈት፤ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ከሌለው ፈላጊው አያገኘውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥንቱ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ያው ጥያቄ በዘመናዊው ምርምር ላይም ተነሥቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት የምርምር ውጤት የሚወጣው በልዩ ልዩ መጽሔቶች ነበር፤ የመጽሔቶቹም ዋጋ እየከበደ ሄዶ የባለጸጎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ ለመክፈል ተቸገሩ። ለምሳሌ በአንኮበር አካባቢ ገደላገደል የምትኖርና በአንኮበር ስም የምትጠራ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ለሳይንስ ዓለም አዲስ ፍጥረት መሆኗ የታወቀው በ1979 በአንድ የእንግሊዝ የአዕዋፍ መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ነው። የአንኮበር ልጅ በየቀኑ ስትበር የሚያያትን ወፍ ታሪክ ለማንበብ የውጭ አገር መጽሔት ደንበኛ መሆን ነበረበት።

ይህን ለማስተካከል በቡዳፔስት ተሰብስበው የነበሩ ምሁራን፤ የምርምር ጽሑፍ ያለ ዋጋና ያለ ገደብ ለሁሉ ይነበብ የሚለውን መግለጫ በ2002 አወጡ። ለዚህም ሁለት መንገድ አሳዩ። አንደኛው ለአንባቢው ክፍት የሆነ መጽሔት ማቋቋም ነው። ሁለተኛው ደራሲው የጽሑፉን ቅጂ በራሱ ተቋም ማኅደር እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ ይህ ማኅደር በውጭው ቋንቋ ሪፖዚተሪ ይባላል። ማኅደሩን የሚያንቀሳቅሱት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም በነጻ ተለቀዋል፤ ኢፕሪንትስ የተባለው በ2000 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ፤ ዲስፔስ የተባለው በ2002 በአሜሪካ ተዘጋጁ። አሠራሩ ለማስተዋል አይከብድም። ተማሪው ወይም መምህሩ ጽሑፉን ያስረክባል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የደራሲውን ስም፤ ዓመቱን፤ አርእስቱንና ፍሬ ነገሩን ይመዘግባል። ጽሑፉ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያም አንዱ ማኅደር ዝርዝሩን ለሌላው በራሱ ስለሚያስተላልፍ፤ በደብረ ብርሃን የገባው ጽሑፍ በጂማም በናይሮቢም ሲፈለግ ይገኛል። የጥንቱ ዕቃ ቤት ጠባቂ፤ ገልባጭና መዝጋቢ በአንድነት የሠሩትን ሥራ ይህ መሣሪያ አጣምሮ ይሠራዋል ማለት ነው።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በዚህ ዐይነት ሰብስቦ መግለጥ ከጀመረ ቈይቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሁሉ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፤ ጽሑፉም በብሔራዊው የአካዳሚ ዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጥ የሚያዝ ፖሊሲ አወጣ። ሚኒስቴሩ በ2014 ዓ.ም. ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተዋህዷል። ፖሊሲው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በሙሉ ስለሚመለከት፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ከዚሁ ግዴታ ውስጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፋቸው ለሕዝብ እንዲነበብ ባዘዙባት ከተማ፤ የዛሬዎቹ ሊቃውንትም ጥናታቸውን ለሕዝብ እንዲገልጡ መታዘዛቸው የታሪክ ግጥምጥም ነው።

ነገሩ ለባላገሩ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፤ ሁለት ምሳሌ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ እናቀርባለን። አንደኛው የኢነዋሪ ነው። የኢነዋሪ መሬት በክረምት ውሃ የሚይዝ መረሬ አፈር ነው። የአገሩ ገበሬዎች ማሳውን ካረሱ በኋላ፤ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል በሚቀረው ቦይ ውሃው ይወርዳል፤ ሰብሉም ከመበስበስ ይድናል። በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት፤ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በደብረ ብርሃን ጣቢያ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተቋሞች ጋር ሆኖ ይህን ሥራ አጠና። ያንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ፤ ከአገራችን ማረሻ የተሠራ መሣሪያም ተዘጋጀ። የዕውቀቱ ምንጭ የኢነዋሪ ሴቶች እጅ ነው። ከማዕከሉ ጽሑፎች ብዙዎቹ ዛሬ በተተኪው ድርጅት ክፍት ማኅደር ስለሚገኙ፤ አንድ የግብርና ሠራተኛ ከአርባ ዓመት በፊት የተፈተነውንና የተሳነውን አንብቦ ሥራውን ከዚያ መጀመር ይችላል። ማኅደሩ ባይኖር ግን ያንኑ ፈተና ከመጀመሪያው ይደግመው፤ የሕዝብም ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው የአንኮበር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረባቸው ጋር፤ የአንኮበር ሰዎች ለሰው ሕመም የሚጠቀሙባቸውን 135 የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግበው በክፍት መጽሔት አሳተሙ። በአረጋውያን አፍ ብቻ የነበረው ዕውቀት ከአረጋውያኑ ጋር እንዳይቀበር ሆነ። ማንም በዓለም ላይ ያለ ሐኪም ዛሬ ያለ ዋጋ ያነበዋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዕውቀቱን የሰጡት አዛውንት የተጻፈላቸውን ለማንበብ አይችሉም። የኤዋልድና የዲልማን ዘመን ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ፤ በሩ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ ግን ቋንቋ የሚባል ሌላ መዝጊያ ቆሟል።

ክፍት ማኅደርን የሚጠራጠሩ ሰዎች የሚያነሡት ነገርም መልስ ይገባዋል። አንዳንዶች ሥራዬ ይሰረቃል ብለው ይፈራሉ። ግን ስምና ቀን ተመዝግቦ በአደባባይ የተቀመጠን ጽሑፍ የሰረቀ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ በመደርደሪያ ተቈልፎ የተረሳውን ግን የሰረቀ ማንም አያውቅበት። ሌሎች ደግሞ ደካማ ሥራ ሲገለጥ ተቋሙን ያሳፍራል ይላሉ። ይህስ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደሚነበብ የሚያውቅ ጸሓፊ ተጠንቅቆ ይጽፋል፤ መሪውም ተጠንቅቆ ያርማል። ሁሉም ነገር ደግሞ አይገለጥም፤ የበሽተኛ ምስጢር፤ የሰዎች የግል ጉዳይ፤ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ ፈቅዶ ያልሰጠው ምስጢር በጥንቃቄ ሊጠበቅ ይገባዋል። አባቶቻችንም ቢሆኑ ሁሉን መጽሐፍ ለሁሉ አይሰጡም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የመጥፋት ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ፤ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ንብረት መዘረፉና መጥፋቱ ገና ከልባችን አልወጣም። በ16ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖስን መጻሕፍት ያጠፋው ዐይነት አደጋ በእኛም ዘመን ከደጃችን ደርሶ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቅጂ ብቻ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚያ ክፍል ጋር ይጠፋል። በብዙ ማኅደር የተቀዳው ግን አንዱ ቢቃጠል ከሌላው ይገለበጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሳባችንን በአጭሩ እንገልጣለን። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለማኅደሩ ይሰጥ። ፍሬ ነገሩ በአማርኛም ይጻፍ፤ የተጠናው ሕዝብ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነም በቋንቋው ይጨመርለት። የቤተ መጻሕፍቱ መዝጋቢ እንደ ተራ ጸሓፊ አይቈጠር፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ዘመናቸውን የሰጡበት ሥራ መሆኑ ታውቆ ሥልጠናና ክብር ይሰጠው። ቅጂውም ከአንድ ከተማ በላይ ይቀመጥ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ አዳራሽ ከማሠራት አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው ትጋት ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ማኅደር ተሠርቶ የሚተው ሕንጻ ሳይሆን ዘወትር የሚጠበቅ እርሻ ነው።

የቀድሞው ደብተራ ብራናውን ተሸክሞ ገደል ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ አንኮበር ሲደርስ፤ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርዶ ጠፍሩን ፈትቶ ይሰጠው ነበር። የዛሬው ተማሪ በመንዝ ወይም በቡልጋ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ያንኑ ይጠይቀናል። ጠፍሩን መፍታት የእኛ ፋንታ ነው።